እርሾው ይቆይ፤ ጋኑ ይታጠብ
ስለ ጠላ ጋን አጸዳድና ስለ እርሾ አቀማመጥ

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ በአብዛኛው ጤፍና ስንዴ አምራች ነው። ጠላ በዚህ አገር ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለሰርግ፣ ለተዝካርና ለደቦ ይጠመቃል። ጠላ ሸጠው ቤታቸውን የሚያስተዳድሩና ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶችም አሉ። ስለዚህ አንድ ጋን ጠላ ኮመጠጠ ማለት መጠጥ ተበላሸ ማለት ብቻ አይደለም። እህሉ፣ ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ማገዶው፣ ከምንጭ በጀርባ የመጣው ውሃና የብዙ ቀን ድካም አብሮ ፈሰሰ ማለት ነው። ጉዳቱ ይበልጥ የሚሰማው ደግሞ በክረምት፣ ጎተራው ጎድሎ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ጊዜ ነው።

ጠላን የሚያኮመጥጡ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን አንዱን ነው፤ ይኸውም ጋኑን በሚገባ ሳያጥቡ በቀድሞው አተላ ላይ አዲስ ጠላ መጠንሰስን ነው።

ጋኑ ለምን ሳይታጠብ ይቀራል?

ይህን ልማድ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሁለት በቂ ምክንያቶች አሉት።

አንደኛው ውሃ ነው። ትልቅ ጋን በደንብ ለማጠብ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ በበጋ ምንጭ ሲደርቅ ይህ ውሃ ከሩቅ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከሊጥ የተወረሰ ዕውቀት ነው። የቡሖ ዕቃ ሙልጭ ተደርጎ አይታጠብም፤ በግድግዳው ላይ የቀረው ሊጥ ለሚቀጥለው ቡሖ እርሾ ይሆናል። በጋንም ላይ ሲታይ አተላ የቀረበት ጋን ቶሎ ይብላላል፤ ሙልጭ ብሎ የታጠበው ይዘገያል። በደጋው ብርድ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ሴቶች «ጋኑን ካጠብሁት እርሾው ይሄድብኛል» ይላሉ። አስተያየታቸው በከፊል ትክክል ነው። ዝቃጩ ውስጥ በእርግጥ እርሾ አለ።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ሊጥ በሁለትና በሦስት ቀን ይጋገራል፤ ዕቃው ባዶውን አይውልም። በእንጀራም ጥቂት ኮምጣጣነት የሚፈለግ ነው። ጋን ግን አንድ ጠላ ካለቀ በኋላ ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ሙሉ ባዶውን ይቀመጣል። በጠላም የሆምጣጤ ጣዕም አይፈለግም። ለቡሖ ዕቃ የሠራው ዘዴ ለጋን የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

በጋኑ ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው?

የጠላን ጣፋጭ ወደ አልኮል የሚለውጠው በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር እርሾ ይባላል። ከእርሱ ጋር በጠላ ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ፤ በመጠኑ ሲሆኑ የጠላን የተለመደ ጣዕም ይሰጣሉ። ሦስተኛው ወገን የሆምጣጤ ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ለሥራው ሁለት ነገሮች ይፈልጋል፤ አልኮልና አየር። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ሆምጣጤ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ጀርም እንደሆነ ያሳየው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ በ1876 ባሳተመው ስለ ቢራ በሚያወሳው መጽሐፉም የመጠጥ ብልሽት ከባዕድ ጀርሞች እንደሚመጣ አስረድቷል።

አሁን ወደ ጋናችን እንመለስ። ጠላው እየተቀዳ በጎደለ ቁጥር በቦታው አየር ይገባል። የመጨረሻው ጣሳ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚኮመጥጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጋኑ ባዶ ሲሆን ደግሞ በሥሩ እርጥብ አተላ፣ በግድግዳው ጥቂት አልኮል፣ በሆዱ ሙሉ አየር ይቀራል። ይህ ለሆምጣጤ ባክቴሪያ የተመቻቸ ቤት ነው። እርሾው በበኩሉ ምግቡን ጨርሷልና ይራባል፤ ቀስ በቀስም ይሞታል፤ የሞተውም እርሾ መጥፎ ሽታ ይሰጣል። ሻጋታም ከላይ ይወጣል። እንግዲህ ጋኑ ሳይታጠብ በቆየ መጠን በውስጡ ያለው ጠቃሚው እየቀነሰ፣ ጎጂው እየበዛ ይሄዳል።

ከዚህ እንደምንረዳው ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። ጠላው ባለቀበት ዕለት፣ አተላው ገና ትኩስ ሽታ ሳለው የተጠነሰሰ አዲስ ጠላ ላይበላሽ ይችላል። ሳምንት በቆየ አተላ ላይ የተጠነሰሰው ግን ከመነሻው የሆምጣጤ ዘር ተዘርቶበታል። አንዴ አልፎ አንዴ የሚሳካውም ለዚህ ነው።

የሸክላ ጋን ጠባይ

ሸክላ ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ቢሆንም ፈሳሽ ይመጥጣል። በነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ እርሾም ሆነ የሆምጣጤ ባክቴሪያ ይደበቃል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የሸክላ ጋን ቢታጠብም እርሾው ፈጽሞ አይጠፋም፤ በተጨማሪም ጌሾውና ብቅሉ የራሳቸውን እርሾ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ «እርሾው ይሄድብኛል» የሚለው ፍርሃት የተጋነነ ነው። ሁለተኛ፣ አንዴ ሆምጣጤ የመጠጠ ጋን በአንድ እጥበት አይድንም።

እርሾን ከጋኑ ውጭ ማቆየት

እርሾን ማቆየት ከተፈለገ ቆሻሻውን አብሮ ማቆየት አያስፈልግም። በኖርዌይ የገጠር ቤቶች ጠማቂዎች ከጥሩ መጠጥ ዝቃጭ ውስጥ የእንጨት ወይም የሣር ቀለበት ነክረው፣ አድርቀውና ሰቅለው እርሾውን ለሚቀጥለው ድግስ ያቆዩ ነበር። በ1883 (እ.ኤ.አ.) በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለ ተመራማሪ አንድ ዓይነት ንጹሕ እርሾ ለይቶ ማራባት ችሏል። ዛሬም ቢራ ፋብሪካዎች እርሾውን ከጋናቸው አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡታል፤ ጋኑን ግን ያጥባሉ። ይህን አሠራር በቤት እንደሚከተለው መፈጸም ይቻላል።

1. እርሾ የሚወሰደው ጣዕሙ ከተወደደ ጠላ ብቻ ነው። ከኮመጠጠ ጠላ እርሾ አይወሰድም።

2. ጠላው ከተጠለለ በኋላ በዕቃው ሥር የሚቀመጠውን ነጣ ያለ ለስላሳ ዝቃጭ፣ ጠላው ሳይጋመስ አንድ ብርጭቆ ያህል መቅዳት።

3. በፈላ ውሃ በተለቀለቀና በቀዘቀዘ ጠርሙስ ውስጥ ማድረግ። ክዳኑ ላላ ይበል፤ ከተጠበቀ በውስጡ የሚፈጠረው ጋዝ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል።

4. በቤቱ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጦ በአንድ ሳምንት ውስጥ መጠቀም። ከመጠቀም በፊት ይሸተት፤ ሆምጣጤ ከሸተተ ይደፋ።

5. ድፍድፉ ለብ ሲል መጨመር። ለ20 ሊትር ድፍድፍ አንድ ብርጭቆ ይበቃል። ትኩስ ድፍድፍ እርሾውን ይገድለዋል።

የጋን አጸዳድ

1. ጋኑ ባዶ በሆነበት ዕለት አተላውን ማውጣት። አተላው ሳይሻግት ለከብት በመጠኑ ይሰጣል። ከደረቀ በኋላ ማስለቀቅ የበለጠ ውሃ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ውሃ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው በዕለቱ ማጠብ ይኖርበታል።

2. በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ።

3. በግራዋ ቅጠል መፈተግ። ሥሩን፣ ትከሻውንና በተለይ የአንገቱን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል፤ ነጩ ሽፋን የሚጀምረው በአንገቱ ላይ ነው። ሳሙና ወይም በረኪና በሸክላ ላይ አይደረግ፤ ሸክላው መጥጦ በሚቀጥለው ጠላ ውስጥ ይተፋዋል።

4. አጥርቶ ካለቀለቁ በኋላ በመጀመሪያ ለብ ያለ፣ ቀጥሎ ሙቅ፣ በመጨረሻ የፈላ ውሃ ማድረግ። የፈላ ውሃ በቀዝቃዛ ጋን ላይ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ጋኑ ይሰነጠቃል። በደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ መታወቅ አለበት፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ 92 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው ወዲያው ሳይደፋ ጥቂት ይቆይ።

5. በድንጋይ ላይ አፉን ወደ ታች ደፍቶ አየር እያገኘ በፀሐይ ማድረቅ።

6. ከመጠንሰሱ በፊት በወይራ ማጠን። ጢስ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ጀርሞችን ያዳክማል፤ በ1996 (እ.ኤ.አ.) በታተመ በኢትዮጵያ እርጎ ላይ በተደረገ ጥናት ዕቃን ማጠን የጀርሞችን እድገት እንደሚያዘገይ ታይቷል። ነገር ግን ጢስ በአተላ ሥር ላለ ጀርም አይደርስም። ማጠን የማጠብን ቦታ አይተካም።

ትልቅ ጋን ወይም በርሜል ሲታጠብ ጠላው እንዳለቀ ጭንቅላትን ወደ ውስጥ ማስገባት አደገኛ ነው። ጠላ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በሥሩ ተኝቶ ይቆያል፤ ትንፋሽም ያሳጣል። አስቀድሞ በውሃ መለቅለቅና መገልበጥ ይገባል።

የኮመጠጠውን ጋን መፈተሽ

ከላይ እንደተጻፈው ታጥቦ የደረቀን ጋን በንጹሕ ውሃ ሞልቶ ማሳደር፣ ጠዋት ውሃውን ማሽተት። ሽታ ከሌለው ጋኑ ድኗል። ሆምጣጤ ከሸተተ ውሃውን በየቀኑ እየለወጡ ሦስት ቀን ማቆየትና እንደገና ማድረቅ። ከዚያም በኋላ የሚሸት ከሆነ ጋኑ ለእህል ማስቀመጫ ይሁን እንጂ ለጠላ አይመለስ።

ስለ ጀሪካንና በርሜል

በዛሬው ጊዜ ፕላስቲክ በጋን ቦታ እየገባ ነው። ፕላስቲክ እንደ ሸክላ አይመጥጥም፤ ሆኖም ከተጫረ በጭረቱ ውስጥ ጀርም ይሸሸጋል። ስለዚህ በአሸዋ ወይም በብረት አይፈተግ። በረኪና ከተደረገበት ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል፤ በረኪናን ከሆምጣጤ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለጠላ፣ ለውሃም ሆነ ለእህል ሊውል አይገባም። የዚንክ ቅብ ባለው በርሜልም ጠላ አይጠመቅ፤ የጠላው አሲድ ዚንኩን አሟሙቶ ጠጪውን ያስመልሰዋል።

በቤት የሚደረግ ሙከራ

በዚህ የማያምን ሰው ከዓይኑ በላይ ምስክር አያስፈልገውም። አንድ ድፍድፍ ለሁለት ከፍሎ አንዱን በታጠበና በታጠነ ገንቦ፣ ሌላውን ሳይታጠብ ሳምንት በቆየ ገንቦ ማድረግ። ለታጠበው ከጠርሙስ እርሾ ይጨመርለት። ሁለቱን በአንድ ቦታ አስቀምጦ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ8ኛው ቀን መቅመስ። የትኛው ቶሎ እንደተብላላና የትኛው እንደኮመጠጠ ጎረቤትም አብሮ ቢቀምስ መልካም ነው፤ አንዲት እናት ያየችውን ለሌሎቹ ታስተምራለችና።

በአጭሩ

ጋኑ በባዶነቱ ዕለት ይታጠብ። እርሾ ከጥሩ ጠላ ተወስዶ ለብቻው ይቀመጥ። ሸክላ በግራዋና በሙቅ ውሃ ይጽዳ፣ በፀሐይ ይድረቅ፣ ከዚያ በወይራ ይታጠን። የመድኃኒት ዕቃ ለመጠጥ አይዋል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የግማሽ ቀን ሥራና ጥቂት እንስራ ውሃ ነው፤ የሚያድነው ግን አንድ ጋን ጠላ ሙሉ እህል ነው።