ልትጠይቁን ስትመጡ አስነሱን

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆኜ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ሥራዬ ሰው ማንቀሳቀስ ነበር። የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ኬሞ ስጀምር ግን ከሚወደኝ ሰው ሁሉ የምሰማው ምክር «ተኚ» የሚል ሆነ። የምኖርበት የአዲስ አበባው የሽሮ ሜዳ ሰፈር ጎረቤት ደግ ነው። አንዷ አጥሚት ይዛ ትገባለች፣ ሌላዋ ቤቱን ጠርጋ ቡና አፍልታ ትወጣለች። ውኃ ልቀዳ ብድግ ስል ሦስት ሰው አብሮኝ ይነሳል። «ቲቸር፣ እኛ እያለን እርስዎ ይነሳሉ?» ይላሉ ልጆቹ። «በዚያኛው እጅሽ ብርጭቆ እንኳ እንዳታነሺ» ትላለች እህቴ። «ደም የለሽም እኮ፣ ምን ያንቆራጥጥሻል?» ይላሉ አንዲት እናት ከጥግ ሆነው። ሁሉም ከልብ የመነጨ ፍቅር ነው። ይህን ጽሑፍ ከታማሚው ይልቅ ለጠያቂው የምጽፈውም ለዚህ ነው። ታማሚውን ከአልጋ የማንሳት ኃይል ያለው በጠያቂው እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ተኚ» የሚለውን ምክር ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ይሰጡ ነበር። ኬሞ ወይም ጨረር የሚወስድ ሰው ጉልበቱን ይቆጥብ፣ ይረፍ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሁለት የነርስ ተመራማሪዎች ኬሞ ላይ ያሉ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አውጥተው ማሠራት ሲጀምሩ ነገሩ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥናት በጥናት ላይ ተደራረበ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ባለሙያዎችን መደምደሚያ ሲያወጣ፣ እንቅስቃሴ በሕክምና ላይ ላለም ሕክምና ለጨረሰም ለአብዛኛው ታማሚ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን፣ ድካምን፣ ጭንቀትንና ድብርትን እንደሚቀንስ በግልጽ አስቀምጧል።

መተኛት በራሱ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የኖርኩት አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ሐኪሞች አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችን ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኝተው የልባቸውንና የጉልበታቸውን አቅም ለኩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈልገው እንደገና ለኳቸው። በወጣትነታቸው የሦስት ሳምንት መኝታ የወሰደባቸው አቅም፣ የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ከወሰደባቸው በልጦ ተገኘ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ምንም ያልታመሙ ወጣቶች ነበሩ። ኬሞ የሚወስድ፣ ምግብ አልዋጥ ያለው፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ሳምንታትን ተኝቶ ሲያሳልፍ ምን እንደሚቀርለት አስቡት።

የካንሰር ድካም የሥራ ድካም አይደለም። ከሥራ የደከመ ሰው ተኝቶ ሲነሳ ይበረታል። በኬሞ የደከመ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ጠዋት እግሩን ከአልጋ ማውረድ ያቅተዋል። እኔ ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ ለመቀመጥ በርጩማ እፈልግ ነበር። ታዲያ የደከመ ሰው ይተኛል፣ የተኛ ጡንቻ ይሟሟል፣ ጡንቻው የሟሟ ሰው ወደ ደጅ መውጣት እንኳ ተራራ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ተመልሶ ይተኛል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። መጀመሪያ ላይ ማንም አላመነኝም። ደክሞኝ የወጣሁ ሰው ቀለል ብሎኝ ስመለስ ያዩት ጎረቤቶቼ ግን ቀስ በቀስ መከራከሩን ተዉ።

አሁን ልቤን ወደነካው ጥናት ልምጣ። ይህ ጥናት በዋናነት በካናዳና በአውስትራሊያ፣ እንዲሁም በሌሎች ጥቂት አገሮች የተካሄደ ሲሆን ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በካናዳ የኩዊንስና የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዟቸው ቀዶ ሕክምናና ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ስለ እንቅስቃሴና ስለ ጤናማ አመጋገብ የሚገልጽ መጽሔት ተሰጠው። ሁለተኛው ቡድን ከመጽሔቱ በተጨማሪ ሰው ተመደበለት፤ ለሦስት ዓመት የሚያሠራ፣ የሚከታተል፣ «ምን አቃተህ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ። በመጀመሪያው ስድስት ወር በየሁለት ሳምንቱ ፊት ለፊት ይገናኙ ነበር፣ ኋላ ላይ በወር አንዴ። የሚጠበቅባቸውም ከባድ ነገር አልነበረም። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ይደርስበታል።

ከስምንት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት መጽሔት ብቻ ከተሰጣቸው ከመቶ 83 ያህል፣ ሰው ከተመደበላቸው ደግሞ ከመቶ 90 ያህል ሆኑ። በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩትም ከመቶ 74 ለ80 ነበሩ። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም በሚንቀሳቀሱት ላይ በዛ ብሎ ታይቷል፤ ይህም ባለሙያ አጠገብ እንዲኖር የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ነው። ጥናቱ በአንጀት ካንሰር ላይ የተካሄደ ነው፣ የተሳተፉትም ኬሞ የጨረሱ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ የእኔን የጡት ካንሰር እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አልናገርም። እንቅስቃሴ መድኃኒት ይተካል የሚል ሰው ካገኛችሁም አትስሙት። እነዚያ ሁሉ ሕክምናቸውን ወስደው ነው የተራመዱት።

እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ላይ ቆየሁ። መጽሔቱን ሁለቱም አንብበዋል። መራመድ ጥሩ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ልዩነቱን ያመጣው አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። ካናዳ ይህን ሰው በደመወዝ ቀጠረችው። እኛ ዘንድ በየቀኑ በር አንኳኩቶ ይገባል። እድርተኛ አለ፣ የማኅበር ሰው አለ፣ የሥራ ባልደረባ አለ፣ ከቅዳሴ መልስ ጎራ የሚል አለ። ታማሚ ቤት ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው መነሳት ነው። ሁሉም መጥቶ ይቀመጣል፣ ታማሚዋም ለጠያቂ ክብር ትቀመጣለች ወይም ትጋደማለች፣ ቡናው ይፈላል፣ «እግዜር ይማርሽ» ተብሎ ይወጣል።

ለእኔ ይህን የለወጠችው አንዲት የሸማኔ ሚስት ናት። ከሰዓት በኋላ ትመጣና ሳትቀመጥ ነጠላዬን ታቀብለኛለች። በመጀመሪያው ሰሞን እስከ ግቢው በር ነበር። ከዚያ እስከ ሸማ ተራው፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ይዘን ወደ ስድስት ኪሎ መውረድ ጀመርን። መመለሻው ዳገት ስለሆነ ሚኒባስ ታክሲ እንሳፈራለን። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው በተለይ እመክራለሁ፤ ቁልቁሉን በእግር፣ ሽቅቡን በታክሲ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ኬሞ ደም ያሳነሰው ሰው በዚህ ስስ አየር ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቶሎ ያልቃል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ይፈራና ዳግመኛ አይወጣም። ልኩን የምታውቁት በወሬ ነው። አብራችሁ ስትሄዱ ማውራት ከቻለች ደኅና ነው፤ አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠራት ቁሙ።

ስለ ክንድ ነገር ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ብዙ ሴት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በጡት ቀዶ ሕክምና ጊዜ የብብት ዕጢዎች ሲወጡ ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ መንገዱ ይጠብበትና እጅ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ «ምንም እንዳታነሺ» ይባላል። ሴትየዋ ፈርታ ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ ትኖራለች፣ ትከሻዋ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ፀጉሯን መሠራት፣ ከመደርደሪያ ሰሃን ማውረድ ያቅታታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ሽሚትዝ የመሯቸው ተመራማሪዎች ክንዳቸው ያበጠባቸውን 141 ሴቶች ወስደው ግማሾቹን በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት አስነሷቸው፤ ከትንሹ ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ ክንዱን የሚያጠብቅ እጅጌ አጥልቀው። እብጠቱ የተባባሰባቸው ክብደት ካነሱት ከመቶ 14፣ ካላነሱት ግን ከመቶ 29 ነበሩ። የተፈራው ነገር ተገልብጦ ተገኘ። እኔ ፊዚዮቴራፒስቷ ከፈቀደችልኝ በኋላ በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ውኃ ሞልቼ ነው የጀመርኩት። ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ሽቅብ ማስኬድ ከዚያ በፊት የተማርኩት ነው። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ራዲዮ ከፍቼ ለስለስ ያለ እስክስታ እወዛወዝ ነበር። ለደረቀ ትከሻ አገራችን የሰጠችን ጸጋ ነውና፣ ፊዚዮቴራፒስታችሁን አሳይታችሁ ተጠቀሙበት።

የሚያስፈራ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሰራጨበት ሰው አለ፤ የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር አጥንት ይወዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙ የትኛው አጥንት እንደተጎዳ ሳይነግረው ከባድ ነገር ማንሳት፣ ወገቡን ማጠፍና መጠምዘዝ የለበትም፣ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። በዐቢይ ጾምና በሰሞነ ሕማማት ስግደት የማያስታጉሉ እናቶች ይህን ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው ቀኖናው ይቀልለታል። ቀዩ የሚባለው የኬሞ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ልብን ሊያደክም ስለሚችል እግር ሲያብጥ ወይም ተኝቶ መተንፈስ ሲያቅት ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። ታክሶል የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ደግሞ ጣትንና የእግር መዳፍን ሊያደነዝዝ ይችላል። የደነዘዘ እግር ድንጋዩን አያውቅም፤ ስለዚህ ነጠላ ጫማ ትታችሁ የተዘጋ ጫማ አድርጉ፣ ክንድ ያዙ። ደም የሚያረጋው የደም ክፍል፣ ፕላትሌት፣ በጣም ከወረደ መውደቅና መጋጨት ደም ያፈስሳል። ኬሞ ላይ ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪ የደረሰ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ሐኪም ቤት ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ያን ቀን እንቅስቃሴ የለም።

መጠኑን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የስፖርት ሕክምና ኮሌጁ ባለሙያዎች ያስቀመጡት በሳምንት ሦስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ መራመድ ወይም የመሰለው፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ይህ ግብ እንጂ መነሻ አይደለም። ኬሞ በተሰጠ ሰሞን ከአልጋ ተነስቶ ክፍሉን መዞር በቂ ሊሆን ይችላል። ክረምት ሲሆንና ደጁ ጭቃ ሲሆን ከወንበር እጅን ሳይደግፉ መነሳትና መቀመጥ የጭን ጡንቻን ይጠብቃል። ቤቷ ሆና የታጠበ ልብስ የምታሰጣ፣ ሽንኩርት ቆማ የምትከትፍ ሴትም እየተንቀሳቀሰች ነው፤ እባካችሁ ሥራውን ሁሉ ከእጇ አትንጠቋት።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ለሐኪሞቻችን ነው። ጊዜያችሁ አጭር፣ ወረፋው ረጅም እንደሆነ ተሰልፌ አይቻለሁ። ቢሆንም ኬሞ ስታዝዙ «እስከ ምን ድረስ ልራመድ? ምን ላንሳ? ምን ልተው?» ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች መልሱን ካርዱ ላይ ጻፉልን። ጠያቂው የሚያምነው የእናንተን ጽሕፈት ነው። በተለይ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር መጥተው በታማሚዎች ማረፊያ ውስጥ ለወራት ለሚቆዩ ሰዎች ይህች መስመር ብዙ ትለውጣለች፤ እርስ በርስ ተያይዘው መውጣት ይችላሉና።

ሁለተኛው ለእናንተ ለጠያቂዎች ነው። በሚቀጥለው እሑድ ካንሰር የያዘው ዘመድ ወይም ጎረቤት ልትጠይቁ ስትሄዱ ለመራመድ የሚመች ጫማ አድርጉ። ሐኪሙ መፍቀዱን ጠይቁ፣ ፈቃደኛ መሆኑን ጠይቁ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ክንዱን ይዛችሁ እስከቻለበት አብራችሁ ሂዱ። ስትወጡም የምትመለሱበትን ቀን ንገሩት።