ጡንቻው እምቢ እስኪል?

በክብደት ማንሳት ጡንቻ እምቢ አለ የሚባለው፣ ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ እየገፋ ክብደቱ መንገድ ላይ ሲቆምበትና አሠራሩን ሳያበላሽ አንድ ድግግሞሽ እንኳን መጨመር ሲያቅተው ነው። ጡንቻው ስለተቃጠለ ወይም ትንፋሽ ስላጠረ ማቆም ከዚህ ይለያል፤ ብዙ ጀማሪ "በቃኝ" ብሎ ሲያስቀምጥ ገና በርካታ ድግግሞሽ ይቀረዋል። ወገቡን እየለመጠ፣ ብረቱን እያወዛወዘ የሚቀጥለው ደግሞ ጫፉን አልፎታል። አከራካሪው ነገር እያንዳንዱን ዙር እዚያ ጫፍ ማድረስ ይጠቅማል ወይስ ጥቂት አስቀርቶ ማቆም ይሻላል የሚለው ነው።

እስከ ጫፍ መግፋት መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። ጡንቻ ሁሉንም ክሮቹን በአንድ ጊዜ አያሠራም። አሜሪካዊው የነርቭ ተመራማሪ ኤልውድ ሄንማን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ መጀመሪያ የሚቀሰቀሱት ቶሎ የማይደክሙት አነስተኛ የክር ቡድኖች ናቸው። ብዙ ጉልበት የሚሰጡት ትልልቆቹ የሚጠሩት ሥራው ሲከብድ ወይም የመጀመሪያዎቹ ሲዝሉ ነው። ስለዚህ ቀላል ክብደት ሲነሳ ትልልቆቹ ክሮች በደንብ የሚሠሩት ዙሩ ሊያልቅ ሲል ሲሆን፣ ከባድ ክብደት ግን አብዛኞቹን ከመጀመሪያው ድግግሞሽ ጀምሮ ያሠራቸዋል። ክርክሩ የሚፈታው በዚህ ልዩነት ነው።

ልምዱም የቆየ ነው። ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም በ1945 እ.ኤ.አ. ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን በክብደት ያከመበትን ዘዴ ሲያሳትም፣ መለኪያው ታካሚው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሳው የሚችለው ክብደት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሥራውን ወደ 3 ዙር ቀነሰው፤ የመጀመሪያው በግማሹ፣ ሁለተኛው በሦስት አራተኛው፣ ሙሉውን ክብደት የሚያነሳው ሦስተኛው ብቻ። በ1970ዎቹ "አንድ ዙር ይበቃል፣ ያ ዙር ግን እስከ እምቢታ ይሁን" የሚለውን ትምህርት ያስፋፋው ኖቲለስ የተባሉትን ማሽኖች የሠራው አርተር ጆንስ ነው።

የቅርብ ዓመታት ጥናቶች ጉዳዩን ለሁለት ከፍለውታል። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ብዙ ጥናቶችን አጣምሮ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ዙሩ ወደ እምቢታ በቀረበ መጠን የጡንቻው መጠን የበለጠ ያድጋል፤ የጉልበት መጨመር ግን በዚህ ቅርበት ላይ ያን ያህል አይመረኮዝም። በብራዚል ክብደት አንስተው የማያውቁ ወንዶች ለ8 ሳምንት የተፈተኑበት ጥናት ደግሞ የክብደቱን ድርሻ አጉልቶ አሳየ። በአንድ ጊዜ ማንሳት ከሚችሉት 80 በመቶውን ለሚያነሱት እስከ ጫፍ መሄድና አስቀርቶ ማቆም ያመጣው ውጤት ተቀራራቢ ነበር። 30 በመቶውን ለሚያነሱት ግን ቀድሞ ማቆም ጡንቻቸው በደንብ እንዳያድግ አድርጓል።

ይህ ውጤት በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት በየግቢው በእጅ ለተሠራው ብረት ትልቅ ትርጉም አለው። አሠራሩ የታወቀ ነው፦ ቧንቧ ይቆረጥና አንዱ ጫፍ የቀለም ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ቆሞ ጠጠርና ሲሚንቶ ይሞላበታል፤ ያ ሲደርቅ ይገለበጥና ሌላው ጫፍ ይሞላል። እንደ ጂም ብረት ክብደት አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ቡና በሚመዘንበት ከተማ ማስመዘኑ አያስቸግርም፤ ችግሩ በጥቂት ወራት ውስጥ መቅለሉ ነው። 25 ጊዜ ሊያነሳው የሚችል ወጣት በልማድ 12 ላይ እያቆመ ጡንቻው ለምን እንዳላደገ ቢገረም መልሱ እዚህ ጋ ነው። እንዲህ ላለው ሰው እስከ እምቢታ ወይም አንድ ሁለት እስኪቀር መግፋት ግድ ይለዋል። አወራረዱን ማዘግየት፣ ታች ላይ ለአፍታ ማቆም፣ በሁለት እጅ የሚነሳውን በአንድ እጅ ማንሳትም ያንኑ ብረት ያከብደዋል። ባርቤልና በቂ ክብደት ያለው ጂም የሚገባው ሰው ግን ከ1 እስከ 3 ድግግሞሽ አስቀርቶ ቢያቆም ብዙም አይቀርበትም።

ቀኑን ሙሉ ከኬሻ ጋር የሚውለው ጫኝና አውራጅ ለብቻው መታየት አለበት። የተለመደው የቡና ኬሻ 60 ኪሎ፣ በገበያው አነጋገር ከሦስት ተኩል ፈረሱላ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን በትከሻው ተሸክሞ መኪና ላይ የሚወጣ ሰው አንዱን ዙር እስከ እምቢታ ቢወስደው ቀኑን አይጨርስም፤ ስለዚህ በሥራው ጉልበቱን መቆጠብ የግድ ነው። በስፔን በተደረገ ሙከራ፣ 10 ጊዜ ብቻ በሚነሳ ክብደት 3 ዙር 10፣ 10 ጊዜ እስከ ጫፍ የሠሩት፣ 6 ዙር 5፣ 5 ጊዜ ከሠሩት ይልቅ ለማገገም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተጨማሪ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። የተነሳው ክብደት በድምሩ እኩል ነው። በለቀማው ወራት፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቀን ኬሻ ተሸክሞ ማታ ብረት የሚገፋ ወጣት በማግስቱ ሥራ አለበትና እስከ እምቢታ መሥራት አይበጀውም።

ለኳስ ብሎ ክብደት የሚያነሳም እንዲሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ባነሳበት ከተማ እንዲህ ያለው ወጣት ጥቂት አይሆንም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስኳት ሁለት ቡድን አነጻጽሯል። አንዱ የማንሳት ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ያቆማል፤ ሌላው 40 በመቶ እስኪቀንስ፣ ወደ እምቢታው ተጠግቶ ይቀጥላል። በጡንቻ መጠን ሁለተኛው በለጠ፤ በዝላይ ግን ቀድሞ ያቆመው ቡድን የተሻለ ውጤት አመጣ። ለተጫዋች ፍጥነት ይቀድማልና ብረቱ መዘግየት ሲጀምር ማስቀመጥ ይሻለዋል።

የትኛው እንቅስቃሴ እንደሆነም ይወስናል። የክንድ ዳምቤልና ፑሽ አፕ እምቢ ቢሉ ጉዳት የለውም፤ ይወርዳል፣ ያበቃል። ቤንች ፕሬስ ግን አጠገቡ ብረቱን የሚይዝለት ሰው ለሌለው አደገኛ ነው፤ ደረት ወይም አንገት ላይ ይቀራል። ስኳትና ከመሬት ባርቤል ማንሳትም አቋም ከተበላሸ ወገብ ይጎዳሉ። ጀማሪ እነዚህን እስከ ጫፍ የሚወስድበት አንድም ምክንያት የለም። ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ ለሚፈልግ፣ አልፎ አልፎ በቀላል እንቅስቃሴ የመጨረሻውን ዙር እስከ እምቢታ ወስዶ ግምቱን ከእውነቱ ጋር ማስተያየት ጥሩ ትምህርት ነው።

ትንፋሽ ይዞ እስከ ጫፍ መግፋት የደም ግፊትን ክፉኛ ያሻቅባል። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳ ከባድ ክብደት በእግራቸው በገፉ ስፖርተኞች ላይ የተለካው አማካይ ግፊት 320/250 ደርሶ ነበር። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ስለሚጨምር፣ ቅሞ ወዲያው እስከ እምቢታ መሥራት ልብን ለሌላ ጫና መዳረግ ነው። ቡና ድካሙን ስለሚያቀልል መጠነኛ ስኒ ይረዳል፤ ማታ የተጠጣው ግን ጡንቻ የሚጠገንበትን እንቅልፍ ይነሳል።

በረመዳን ውኃ ሳይጠጡ በጠራራ ፀሐይ እስከ ጫፍ መግፋት ተገቢ አይደለም፤ ከማፍጠሪያ በኋላ መሥራት ወይም ዙሩን ማሳጠር ይቻላል። በተለይ አዲስ ጀማሪ ወይም ለረጅም ጊዜ አቋርጦ የተመለሰ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ዙር እስከ እምቢታ ቢሠራ ጡንቻው ተሰባብሮ ይዘቱ ወደ ደም ሊፈስና ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ከ1 እስከ 3 ቀን የሚቆይ ተራ ሕመም አያስፈራም። ጡንቻው አብጦ መታጠፍ ካቃተውና ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ሳያድር ወደ ሆስፒታል ሄዶ ደሙንና ሽንቱን መመርመር አለበት።