በክረምት ኢንሹራንስ ቤት የገባችው “ሟርተኛ”

ክረምት ሲቃረብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሩጫው አንድ ነው፤ የልምምድ ቦታ ፍለጋ! ከዲፓርትመንቱ የተጻፈለትን የትብብር ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ዝናብ እየሸሸ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ባንክ ያገኘ “ተሳካልኝ” ይላል። ኢንሹራንስ የደረሰው ግን ፊቱን ያጨፈግጋል። “እዚያ ደግሞ ምን ይሠራል? ወረቀት ማገላበጥ ነው!” ይባላል። እውን ነገሩ እንደሚባለው ነው?

ዛሬ የምናጫውታችሁ የአካውንቲንግ ተማሪ የሆነች የ21 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ስሟም ሆነ የሠራችበት ድርጅት እንዳይጠቀስ አደራ ብላናለች። ሐምሌንና ነሐሴን ያሳለፈችው በአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው።

ወንበር የሌላት ሠራተኛ

“የመጀመሪያው ሳምንት አላልቅ አለኝ” ትላለች። “ወንበር እንኳ አልነበረኝም። የወጣ ሰው ቦታ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሲመጣ እነሳለሁ። ፎቶ ኮፒ ማንሳት፣ ፋይል በቁጥር መደርደር ብቻ። ክፍያ የለው! የታክሲ የምቀበለው ከእናቴ ነው። ‘ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የለፋሁት?’ እያልኩ ነበር።”

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ካሣ ክፍል አዛወሯት። እዚያ ያገኘቻቸው ኃላፊ ጡረታ የተቃረቡ ሴት ናቸው። ፋይል ስትደረድር አይተው “ልጄ፣ ከመደርደርሽ በፊት አንብቢው” አሏት። ነገሩ የተለወጠው ያኔ ነው።

በፋይሉ ውስጥ ምን አለ? የአደጋ ማስታወቂያ ቅጽ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የመንጃ ፈቃድ ኮፒ፣ የጋራዥ ፕሮፎርማ፣ የተጨራመተ መኪና ፎቶግራፍ… ከሁሉም የሚበዛው የመኪና ጉዳይ ነው። ከእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ።

“ኢንሹራንስ እንደ እድር ይመስለኝ ነበር” ትላለች። አልተሳሳተችም። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ከመዋጮው ይረዳል። መዋጮው አረቦን ይባላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እድር ለቅሶ ሲሰማ ድንኳን ይተክላል፤ ኢንሹራንስ መጀመሪያ ውሉን ይገልጣል!

የነጋዴው ሒሳብ

አንድ ቀን አንድ ነጋዴ መጡ። ሱቃቸው ተቃጥሏል። የጠፋው ዕቃ 500 ሺህ ብር ተገምቷል። ኢንሹራንስ የገቡት ደግሞ ለ400 ሺህ ብር ነው። “ቢያንስ 400 ሺውን አገኛለሁ” ብለው ነበር የመጡት። የተነገራቸው ግን 200 ሺህ!

እንዴት? በአደጋው ጊዜ ሱቁ ውስጥ የነበረው ዕቃ በጠቅላላ አንድ ሚሊዮን ብር ያወጣ ነበር። እሳቸው አረቦን የከፈሉት ለ400 ሺው ብቻ ነው። ይኸውም ከመቶ አርባው ማለት ነው። ስለዚህ ከጉዳቱም የሚከፈላቸው ከመቶ አርባው ነው። ቀሪውን ስድሳ ራሳቸው ኢንሹራንስ እንደሆኑ ይቆጠራል።

ሰውየው ሌባ አልነበሩም፤ የደበቁትም ነገር የለም። ውሉን ሲገቡ 400 ሺህ ብር በቂ ነበር። በየዓመቱ ሲያሳድሱ የዕቃው ዋጋ እየናረ ሄደ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ባለበት ቀረ። “‘ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የከፈልኩት ለምንድን ነው?’ አሉ። የሚመልስላቸው ጠፋ። እኔም ሒሳቡን ክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር እኮ! ለፈተና ሠርቼ ሙሉ አግኝቼበታለሁ። ሰው ላይ ሲደርስ ግን እንዲህ እንደሚመስል አላወቅኩም።”

“ሟርት አታምጪብኝ!”

የዚያን ዕለት ማታ ልጅቷ እንቅልፍ አልወሰዳትም። የቤታቸው ኑሮ የተንጠለጠለው በአንዲት ሚኒባስ ላይ ነው። የሚነዱት አባቷ ናቸው። የእሷም የእህት ወንድሞቿም ትምህርት፣ የቤት ኪራዩም ከዚያችው መኪና ነው የሚወጣው። አባቷ ስለ ኢንሹራንስ ሲነሳ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር እያሳዩ “ኢንሹራንስማ አለኝ” ይሉ ነበር።

ስቲከሩ የሦስተኛ ወገን ነው። በአዋጅ ማንኛውም ባለመኪና እንዲገባው የሚገደደው ይህንኑ ነው። መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው የሚከፍለው። የባለቤቱ መኪና ቢገለበጥ፣ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ አምስት ሳንቲም የለውም! ለዚያ ሌላ ውል ያስፈልጋል፣ አረቦኑም ከፍ ይላል።

እራት ላይ ነገሩን አነሳችው። “አባዬ፣ መኪናዋ አንድ ነገር ብትሆን የሚከፍልህ የለም እኮ!”

አባት ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት። “አስተምሬሽ መጥተሽ ማዕድ ላይ አደጋ ትጠሪብኛለሽ? ሟርት አታምጪብኝ!” እናትም “አንቺ ልጅ፣ አፍሽን በመልካም ክፈቺው” አሉ። ታናሽ ወንድሟ ከዚያ ቀን ጀምሮ “ሟርተኛዋ” ይላት ጀመር።

መቼም በእኛ ቤት እንዲህ ነው። ክፉን በስሙ ከጠሩት የሚመጣ ይመስለናል። እሷ ግን አልተጣላችም። ኃላፊዋን ስታማክራቸው “እኔንም እናቴ እንዲሁ ይሉኝ ነበር፤ ውሉን ራሳቸው ያንብቡት” አሏት።

በሦስተኛው ቀን አባት የውሉን ወረቀት ከቁም ሳጥን አውጥተው አጠገቧ አስቀመጡ። “እስቲ የቱ ጋ ነው የሚለው?” አነበበችላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። “ሙሉው ስንት ይፈጃል?” በማግስቱ የውል ክፍሉን ጠይቃ ዋጋውን አመጣች። ለቤቱ ከባድ ነው። አባት ጥቂት አሰቡና “ዕቁቤ መስከረም ላይ ይደርሰኛል። ያኔ እናየዋለን። እስከዚያ ማርያም ትጠብቀን” አሉ።

ይህን ስንጽፍ መስከረም ገና ነው። ሚኒባሷ በዝናብ እየሠራች ነው። ልጅቷም ማታ የአባቷ መኪና ጥሩንባ እስኪሰማ በሩን አትዘጋም።

ወደ ልምምድ ለምትወጡ

እንግዲህ “ወረቀት ማገላበጥ ነው” የተባለው እውነት ነው። ጥያቄው ወረቀቱን ታነቡታላችሁ ወይስ ታገላብጡታላችሁ ነው። ካጫወተችን የቀሰምነውን እነሆ፦

1. ሥራ እስኪሰጣችሁ ስልካችሁን እየነካካችሁ አትጠብቁ። የተዘጋ ፋይል ለማንበብ ፍቀዱልኝ በሉ። አንድ ካሣ ከማስታወቂያው ቅጽ እስከ ቼኩ እንዴት እንደሄደ ከተከታተላችሁ ብዙ ታውቃላችሁ።

2. በአንድ ክፍል አትወሰኑ። ውል የሚገባበትን ክፍል ያየ፣ ካሣ ክፍል ሲሄድ ጠቡ ከየት እንደሚጀምር ይገባዋል።

3. ለደንበኛ “ይከፈልዎታል” ብላችሁ ቃል አትግቡ። ውሳኔው የእናንተ አይደለም። የደንበኛንም ጉዳይ ታክሲ ውስጥ አታውሩ።

4. ለዩኒቨርሲቲው የሚላከውን የግምገማ ቅጽ በመጨረሻው ቀን አትስጡ። ኃላፊው ፈቃድ ቢወጣ ውጤታችሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

5. ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤታችሁን ወረቀት አንብቡ። ሽፋኑ የቱ ነው? የተጻፈው ዋጋ ዛሬም ያው ነው? የሚያበቃውስ መቼ ነው?

ቤተሰብ ቢቆጣ አትደንግጡ። ማዕድ ላይ አታንሱት እንጂ ማንሳታችሁን አትተዉ። አደጋ ስሙን ስለጠሩት አይመጣም፤ ስላልጠሩትም አይቀርም። ሟርተኛ ተብሎ ውል ማስነበብ፣ ጨዋ ተብሎ ቤት ሲፈርስ ከማየት ሳይሻል አይቀርም።

መልካም ክረምት!