«አላየንም» እና «የለም» ለየቅል ናቸው

ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ናይሮቢ ከተማ ውስጥ ያለውን የካሩራ ደን አስጎበኛለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጉዘን ስንወጣ የምሰማው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ደኑስ ያምራል፤ ከጦጣ በቀር አውሬ የለበትም እንጂ።»

ማየት ማመን ነው ብለን ያደግን ነንና እንግዳዬን አልፈርድበትም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሯጭና ብስክሌተኛ በሚመላለስበት መንገድ፣ ዓይን ውስጥ የሚገባው ጦጣና ወፍ ነው። ሱኒ የምትባለው፣ አምስት ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ድንክ ሚዳቋ፣ ሰው ሲቀርባት ቁጥቋጦ ውስጥ ድርቅ ብላ ትቆማለች፤ አጠገቧ አልፈን እንሄዳለን። ጥርኝና ሸለምጥማጥ ደግሞ የሌሊት አውሬዎች ናቸው።

ስለዚህ አጥኚዎች በዓይናቸው ብቻ አይፈርዱም። የእንስሳ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲያልፍባት ራሷ ፎቶ የምታነሳ ካሜራ ዛፍ ላይ አስረው ለሳምንታት ይተዉዋታል፤ ኮቴና ኩስ ይፈልጋሉ፤ የሌሊት ድምፅ ይቀዳሉ። እኔም አንድ ቀን ወንዝ ዳር፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ጎንበስ ብል፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ኮቴ አገኘሁ። አለፍ ብሎ ከፍየል በጠጥ ያነሰ ክምር ነበር። ባለቤቷን ግን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

የሚያናድደኝ ነገሩን እያወቁ «ባዶ ጫካ ነው» የሚሉት ናቸው። ባዶ የተባለ ደን ለመሸንሸን ይመቻል። ካሩራ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ በሕግ የተከለለ ሆኖ ሳለ በ1990ዎቹ መሬቱ ለግል አልሚዎች ተቆራርሶ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ይህን ተቃውመው በጃንዋሪ 1999 ችግኝ ሊተክሉ ሲሄዱ ጭንቅላታቸው ተፈነከተ።

«ካሜራው ሃያ ጊዜ ሚዳቋ ካነሳ ሃያ ሚዳቋ አለ» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ አንዷ ሃያ ጊዜ ተመላልሳ ሊሆን ይችላል። «አረንጓዴ ከሆነ አውሬ ሞልቶበታል» የሚባለውም አያስኬድም። ባህር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ቦታ አረንጓዴ ነው፤ ለሚዳቋ መደበቂያ፣ ለጉሬዛ የሚበላ ቅጠል ግን እምብዛም አይገኝበትም። በካሩራ የባዕድ ዛፎች ቀስ በቀስ በአገር በቀል የሚተኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ካሜራም ቢሆን ሁሉን አይዝም። ለመሬት ቀርባ የታሰረችው ካሜራ ዛፍ አናት ላይ የሚውለውን ጉሬዛ ታልፈዋለች። ባዶ ሆና ብትመለስ እንኳ የምትነግረን «በእነዚህ ቀናት፣ በዚህ ቦታ አላገኘሁም» የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን እንግዳ ስወስድ መጀመሪያ የማቆመው ጭቃው ጋ ነው።