የዱር አራዊትን ስም በእንግሊዝኛ ለልጆች ስለ ማስተማር

ልጁን የውጭ አገር ቋንቋ ሊያስተምር የሚወድ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠናው ስምን ነው። ከስምም ሁሉ ይልቅ ሕፃንን ደስ የሚያሰኘው የአራዊት ስም ስለ ሆነ፤ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያስቈጥሩት መጻሕፍት በአንበሳ፣ በዝሆን፣ በድብና በዝንጀሮ ሥዕል ያጌጡ ናቸው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ስም የነገር መለያ ነውና፤ ስሙ ከባለቤቱ ጋራ ሳይገናኝ የቀረ እንደ ሆነ ልጁ ሁለት ቋንቋ ያወቀ ይመስለዋል እንጂ አንዱንም አጥርቶ አላወቀም።

ለምሳሌ በእንሴኖ የሚያድገውን ልጅ እንውሰድ። እንሴኖ በጉራጌ ምድር፤ በመስቃን አገር፤ ከቡታጅራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተ ምዕራብ የጉራጌ ደጋ ከነእንሰቱ ይገኛል፤ በስተ ምሥራቅም አገሩ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። የዚህ አገር ልጅ በእናቱ ቤት መስቃንኛ ወይም ማረቆኛ ወይም ስልጥኛ ይናገራል፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት ዐማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ይማራል። ስለዚህ አንዱን አውሬ በሦስት ስም መጥራት ይጠበቅበታል። ጅብን ሌሊት ሲጮኽ ስለሚሰማው፤ ሃይና ማለት ጅብ ነው ቢሉት ወዲያው ይገባዋል። ጉማሬንም በዝዋይ ሐይቅ ያየ ሰው አይጠፋምና እንዴት ያለ እንደ ሆነ ይነግሩታል፤ እንግሊዞች ከግሪክ ቋንቋ በተወሰደ ስም ሂፖፖታመስ፤ ማለት የወንዝ ፈረስ እንደሚሉት ሲሰማ ግን ይሥቃል፤ ሥቆም አይረሳውም። ችግሩ የሚመጣው የሁለቱ ቋንቋ ስም ሳይገጥም ሲቀር ነው።

በፊደሉ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ታይገር የሚባለው አውሬ ነው። ልጁ ታይገር ምንድር ነው ብሎ ቢጠይቅ አባቱ ሳያመነታ ነብር ነው ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ሥዕሉን ልብ ብለው ያዩት እንደ ሆነ ግን ታይገር በቀይ ዳማ ጠጕሩ ላይ ጥቁር መስመር የተሠመረበት ነው፤ የእኛ ነብር ደግሞ አካላቱን የሸፈነው መካከሉ ክፍት የሆነ ነጠብጣብ ነው። ታይገር የእስያ አውሬ ነው፤ በአፍሪካ ዱር አይገኝም። የእኛ ነብር በእንግሊዝኛ ሌፐርድ ይባላል። አቦ ሸማኔ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወገቡ ቀጭን፤ እግሩ ረዥም፤ ነጠብጣቡ ድፍን ነው፤ ከዓይኑም እስከ አፉ እንባ የወረደበት የሚመስል ጥቁር መስመር አለው፤ ስሙም ቺታ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚያንሰውና ጆሮው ትልልቅ የሆነው አነር ሰርቫል ይባላል። አባቶቻችን «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» ሲሉ የሚያውቁትን የገዛ አገራቸውን ነብር ማለታቸው ነበር፤ ታይገርን ማንም አላየውምና።

ከዚህ የሚከብድ ነገር በቀበሮ ስም ላይ ደርሷል። በዐማርኛ ቀበሮ የሚለው ስም ሰፊ ነው፤ እንግሊዞች ጃካል የሚሉትንም ፎክስ የሚሉትንም በዚሁ አንድ ስም እንጠራለን። ተኩላ የምንለውም በመንጋ ሆኖ የሚያድነው፤ ጆሮው ክብ፤ ጠጕሩ ዥንጕርጕር የሆነው አውሬ ነው፤ እንግሊዞች የአፍሪካ የዱር ውሻ ይሉታል፤ ተርጓሚዎች ግን የአውሮፓውን ዉልፍ በተኩላ ስም ተርጕመውታል። እንግዲህ በስሜን፣ በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ተራሮች የሚኖረውን፤ ሕዝቡ ቀይ ቀበሮ የሚለውን አውሬ በእንግሊዝኛ ማን እንበለው?

ይህን አውሬ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስታወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የጀርመን አገር ሰው ነው፤ እርሱም ስለ አገራችን እንስሳት ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመው መጽሐፍ በስሜን ስም ሰየመው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ጊዜ የስሜን ፎክስ፤ አንድ ጊዜ የስሜን ጃካል ሲሉት ብዙ ዘመን ቆየ። በ1994 የወጣው የዘር ምርመራ ግን አውሬው ለዉልፍ የሚቀርብ ዘመድ መሆኑን ገለጠ፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ የታወቀው ስሙ የኢትዮጵያ ዉልፍ ነው።

ይህ የስም ለውጥ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ የቀረ አይደለም። ፎክስ በአውሮፓ በየመንደሩ የሚገኝ የዶሮ ሌባ ነው፤ ስሙን የሰማ ሰው ብዙ አይጨነቅለትም። የእኛው አውሬ ግን ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 ያነሱ ናቸው። ዋና ምግቡ የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው። የባሌ ኦሮሞዎች ጀዳላ ፈርዳ፤ ማለት የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ይኸውም ሊወልዱ የቀረቡ ባዝራዎችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። ከጠላቶቹ የሚከፋው ከመንደር ውሾች የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ2003 በባሌ የተነሣው በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ውሻ ያለው ቤተ ሰብ ውሻውን ባስከተበ ጊዜ ልጆቹን ይጠብቃል፤ በደጋው አገር የሚኖር እንደ ሆነ ደግሞ ይህን ብርቅ አውሬ ይጠብቃል። የአውሬውን ትክክለኛ ስም የተማረ ልጅ ይህን ምክንያት አብሮ ይማራል።

የአጋዘንም ነገር እንዲሁ ነው። በተረት መጻሕፍት ዲር የሚባለው እንስሳ በዐማርኛ አጋዘን ተብሎ ይተረጐማል። ዲር ግን ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ፤ በየዓመቱም እየረገፈ እንደ ገና የሚበቅል ነው፤ በአገራችን ዱር የለም። የእኛ አጋዘን ቀንዱ የተጠማዘዘ ነው፤ እስኪሞትም አይረግፍም፤ እንግሊዞች ኩዱ ይሉታል። በባሌና በአርሲ የሚኖረው የደጋ አጋዘን ደግሞ ማውንቴን ኒያላ ይባላል። ኒያላ የሚለው ቃል ከደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው፤ እንስሳው ግን የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ በሊቃውንት መዝገብ ስም ያገኘውም ዘግይቶ በ1910 ነው። ከዘመዶቹም ድኩላ ቡሽባክ፣ ሚዳቋ ዳይከር፣ ሳላ ኦሪክስ፣ ቆርኬ ሃርትቢስት ይባላሉ። እነዚህን ሁሉ ዲር ብሎ በአንድ ስም ማለፍ ላምንም ፍየልንም ከብት ብቻ ብሎ እንደ መጥራት ነው።

ስለ ተፈጥሮ የሚነገሩትም ቃሎች እንደዚሁ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ክረምት ማለት ዊንተር ነው፤ በጋ ማለት ሰመር ነው ተብሎ የተማረ ልጅ ብዙ ነው። በአውሮፓ ዊንተር የሚባለው በረዶ የሚወርድበት ወራት ነው፤ ይኸውም እኛ በጋ በምንለው በታኅሣሥና በጥር ነው። እነርሱ ሰመር ብለው ፀሓይ በሚሞቁበት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የእኛ ገበሬ በዝናምና በጭቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክረምትን የዝናም ወራት፤ በጋን የደረቅ ወራት ብሎ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ይሻላል። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚሉትን ቃሎችማ ተመራማሪዎች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሳይለውጡ እንዳሉ ይጽፏቸዋል፤ በእነርሱ ቋንቋ በአንድ ቃል ልክ የሚተካቸው የለምና።

ይህን ስንል ልጆቻችን እኛ ከእንግሊዞች ብቻ እንደምንበደር እንዳይመስላቸው ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ከእኛ ተበድሯል። ከላይ የተናገርንለት ሩፔል ጭላዳን፣ ጉሬዛንና ዋሊያን በ1835 ሲመዘግብ የአገሩን ሰው እየጠየቀ የሰማውን ስም ጻፈ፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝኛ ጌላዳ፣ ጌሬዛ፣ ዋሊያ ይባላሉ። ጭላዳ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፤ ምግቡም ከሁሉ ይልቅ ሣር የሆነ እንስሳ ነው። ጤፍም በእንግሊዝኛ ቴፍ ነው። የባለቤቱን ስም ሳይጠይቁ የሰየሙትም አለ። ጠባብ ጠባብ መስመር ያለው የሜዳ አህያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ለፈረንሳይ ሪፑብሊክ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ስጦታ ሆኖ ስለ ተላከ፤ በ1882 ኡስታሌ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው፤ ዛሬም የግሬቪ ዜብራ ይባላል። ስጦታው ከማን አገር እንደ ሄደ ስሙ አይናገርም።

አሁን ወደ እንሴኖው ልጅ እንመለስ። ከደጁ ወደ ምዕራብ በሚወጣው ደጋ የእንሰት ተክል የጉራጌን ቤት ሁሉ ከብቦ ይታያል። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በጐንደር ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የእንሰትን ሥዕል ከነአገር ስሙ ለአውሮፓ አሳየ። በሊቃውንትም ዘንድ ዛሬ የጸናው ስም እንሰቴ ቬንትሪኮሱም ነው፤ ይህንም ስም በ1947 ያቆመው ቺስማን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት እንሰት ፎልስ ባናና፤ ማለት ሐሰተኛ ሙዝ ተብሎ ይገኛል። ቅጠሉ ሙዝን ይመስላል፤ በዘርም ከሙዝ ጋራ ዘመዳሞች ናቸው፤ ፍሬው ግን እንደ ሙዝ አይበላም፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ተባለ።

ይህን ስም የጉራጌ እናት ብትሰማ ምን ትል ይሆን? እርስዋ ግንዱን ፍቃ፤ ሥሩን ከትፋ፤ በጕድጓድ ቀብራ አብላልታ ቆጮ ታደርገዋለች፤ ከጭማቂው ነጭ ቡላ ታወጣለች፤ ሥሩን ቀቅላ አሚቾ ታበላለች፤ ቃጫው ገመድና ምንጣፍ ይሆናል፤ ቅጠሉ ዳቦ መጋገሪያና የእንግዳ መቀመጫ ይሆናል። በድርቅ ዘመን ሌላው እህል ሲጠፋ ጸንቶ የሚቆይ እርሱ ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ነው ይባላል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያበላ ተክል ሐሰተኛ የሚባልበት ምክንያት የለም። የእንሴኖው ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ እንሰት ብሎ ይጻፍ፤ ቃሉ ከ1790 ጀምሮ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የታተመ ነውና ማንም ስሕተት ነው አይለውም።

እንግዲህ ወላጆች በቤታችሁ ልታደርጉት የሚቻላችሁን በአጭሩ እንናገራለን። መጀመሪያ፤ ልጁ የእንግሊዝኛውን ስም ከማጥናቱ በፊት የእናቱን ቋንቋና የዐማርኛውን ስም ይወቅ። ሁለተኛ፤ ስሙን ብቻ አታስጠኑት፤ አውሬው የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ፣ ጠጕሩና ቀንዱ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ታይገርን ከነብር የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። ሦስተኛ፤ በአገራችን የሌለውን አውሬ በግድ የእኛን ስም አታልብሱት፤ ታይገርን ታይገር፤ ካንጋሩን ካንጋሩ ብሎ አገሩን መንገር ይበቃል። አራተኛ፤ አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ አስምራችሁ በአንደኛው የቤታችሁን ቋንቋ፤ በሁለተኛው ዐማርኛ፤ በሦስተኛው እንግሊዝኛ ልጁ ራሱ ይጻፍ። የመጀመሪያውን ዓምድ ለመሙላት አያቶቹን ይጠይቅ፤ ዱሩ ሳይመነጠር በፊት አራዊቱን በዓይናቸው ያዩ እነርሱ ናቸውና። አያት ባለፈች ጊዜ ያልተጻፈው ስም አብሮ ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው መዝገበ ቃላት የለም።

በመሥሪያ ቤትም ያላችሁ፤ የመማሪያ መጽሐፍ የምታሳትሙ፤ የፓርክ ሰሌዳ የምታስጽፉ፤ ደብዳቤና ደንብ ወደ እንግሊዝኛ የምታስተረጕሙ፤ ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። በሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ስም በብዙ ሺህ ልጆች አፍ ይደገማል። እንግሊዝኛን መማር ዓለምን ለማየት የሚጠቅም ትልቅ በር ነው፤ በዚያ በር የሚወጣ ልጅ የደጁን ነብርና የጓሮውን እንሰት በትክክለኛ ስማቸው እየጠራ ይውጣ።