በመስከረም የነጣ ቅጠል

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ ሰሞን ነው። በዓሉ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ ስለሚከበር ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ወደ ወላይታ ሶዶ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። ሥጋው በዳጣ ከተበላ በኋላ ጓሮ ዞር ዞር ማለት አይቀርም፤ ሐምሌ ላይ በዝናብ የተተከለው የቡና ችግኝ መታየት አለበታ። ጎንበስ ሲሉ ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የመጣው ቅጠል ገርጥቷል፤ አንዳንዱማ እንደ ገለባ ነጥቷል። «በሽታ ገባበት» ይላል አንዱ። «ርቦት ነው፣ ዩሪያ ጣል አድርጉበት» ይላል ሌላው።

ሁለቱም ከመናገራቸው በፊት ቅጠሉን ቀረብ ብለው ቢያዩት ይሻል ነበር። እኔ አንድ ዓመት በዘመድ ጓሮ ያየሁትን አልረሳውም። በነጣው ቅጠል መሃል የሌላ ቅጠል ቅርጽ በአረንጓዴ ተስሎ ቀርቷል። የተረፈው ከላይ ያለው ቅጠል ጥላ የጣለበት ቦታ ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ያጠቆረው ክንድ ላይ የሰዓት ማሰሪያ ቦታ እንደሚለይ ማለት ነው። በሽታ ጥላ እየመረጠ አይዘልም። ይህን ምልክት ያገኘ ሰው ተጠያቂው ፀሐይ መሆኑን አውቆ ዩሪያውን ወደ ቤት ይመልስ።

ፀሐይ ለቅጠል እንጀራው አይደለም ወይ? ነው፤ ግን ልክ አለው። በችግኝ ጣቢያ ዳስ ሥር ያደገ ቅጠል የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ፣ ያቺን ጥቂት ሳያባክን ለመያዝ ሰፊና ስስ ሆኖ ያድጋል። ድንገት ሜዳ ላይ ሲወጣ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ብርሃን ይወርድበታል። የተረፈው ኃይል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥርና ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገውን ክሎሮፊል ራሱን ያፈርሰዋል። ሐምሌና ነሐሴን ደመናው ከልሎለት ነበር። መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይገለጣል፤ ሶዶ ደግሞ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጠዋት ፀሐዩ ወዲያው ይበረታል። በብርድ የደነዘዘ ቅጠል ብርሃኑን የመጠቀም አቅሙ ይበልጥ ያንሳል።

ባሕር ውስጥ የሚኖረው ኮራልም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ታሪክ አለው። ኮራል እንስሳ ነው፤ ቀለሙንም አብዛኛውን ምግቡንም የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ አልጌዎች ነው። ውሃው ሲሞቅበት ወይም ብርሃኑ ሲበረታበት አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል፤ ያኔ ነጭ አጽሙ በስሱ ሥጋው ውስጥ ይታያል። በውጭ አገር ኮራልን በቤታቸው የመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። አዲስ የገዙት ሲነጣባቸው ጀማሪዎቹ የሚሠሩት ስህተት ከጓሯችን ስህተት ጋር መንታ ነው፤ ደንግጠው መድኃኒት ይጨምራሉ፣ ከቦታ ቦታ ያዘዋውሩታል። የለመዱበት ግን የውሃውን ሙቀትና ጨው ለክተው፣ መብራቱን ዝቅ ያደርጉና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ይመልሱታል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ አልጌው ከተመለሰለት ያገግማል። የቡና ቅጠል ግን እንደዚያ አይደለም፤ ክፉኛ የነጣው ቦታ ተመልሶ አይለመልምም። ተስፋው ያለው ጫፉ ላይ በሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው፤ እሱ ከመነሻው ያገኘውን ብርሃን እያየ ወፈር ብሎ ይሠራል።

ንጣት ሁሉ የፀሐይ ነው ማለቴ አይደለም። ናይትሮጅን ያጣ ችግኝ መገርጣት የሚጀምረው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው፤ ጥላ ሥር ያለውም ሜዳ ያለውም እኩል ይገረጣል። ብረት ያነሰው በተቃራኒው አዲሱ ቅጠል ይነጣና ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ በወላይታ ቀይ አሲዳማ አፈር ብዙ የሚጠበቅ አይደለም፣ ኖራ ወይም የምድጃ አመድ በብዛት የተደፋበት ጓሮ ካልሆነ። ውሃ የተኛበት ከሆነ ጠቅላላው ይዝላል፤ ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። አንድ የሚያናድድ ነገር ደግሞ አለ፦ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ የተተከለ ችግኝ። አፈሩን በጣትዎ ጫር ጫር ቢያደርጉ ጥቁሩን ፕላስቲክ ያገኙታል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የተተከለውን መቁጠር ለምደናል፤ መስከረም ላይ ተመልሶ ጎንበስ የሚለው ግን ጥቂት ነው።

ፀሐይ መሆኑ ከታወቀ ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ሦስት እንጨት ተክሎ በላዩ የእንሰት ቅጠል መጣል፤ በወላይታ ጓሮ ይህ አይጠፋም። ቡናን በእንሰት መሃል የሚተክሉት የአካባቢው ሰዎች ችግሩን ከሥሩ ፈትተውታል፤ ዋንዛና ብርብራም በጊዜው ጥላ ይሆናሉ። ግንዱን ሳይነካ ዙሪያውን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ አፈሩ ከደረቀ ጠዋት ወይም ማታ ማጠጣት። ዩሪያ አያስፈልግም፤ የተጎዳ ሥር ላይ ማዳበሪያ ማብዛት ሌላ ቃጠሎ ነው። የነጣውን ቅጠል አይቀንጥሱት፤ የቀረችው አረንጓዴ ትሠራለች። ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከልማ አይታሰብ።

ለከርሞ ደግሞ ችግኝ ሲገዙ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ዳሱ ከተነሣለት ስንት ጊዜው ነው? ጥሩ ችግኝ ጣቢያ ከመትከያው በፊት ባሉት ሳምንታት ጥላውን እያሳሳ፣ ውሃውን እየቀነሰ ያለማምደዋል። ትናንት ከጥላ ሥር የወጣ ከሆነ ማለማመዱ የእርስዎ ሥራ ነው።

ጥላ የተጣለለት ችግኝ ጫፉ ላይ አዲስ ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ በጣትዎ ዳበስ ያድርጉት። ከአሮጌው ወፈር፣ ጠበብ ብሎ ካገኙት መጀመሪያ በምሥራቅ በኩል ያለውን የእንሰት ቅጠል ያንሡለት። የምዕራቡ፣ የከሰዓቱን ፀሐይ የሚከለክለው፣ ሌላ ጥንድ እስኪወጣ ድረስ ይቆይ።