ሳይደርስ የሚቀመጥ ዘር

በሐዋሳ ዙሪያ የወተት ላም የሚያረባ ሰው ለፈሳሽ ናይትሮጅን እንግዳ አይደለም። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ለአዳቃዩ ይደወላል፤ እሱም ትልቅ ፔርሙስ የመሰለ ዕቃ በሞተር ሳይክል ጭኖ ይመጣል። ክዳኑን ሲያነሳው ነጭ ጉም ከአፉ ሞልቶ ወደ መሬት ይፈስሳል። ከውስጡ እንደ ስንደዶ የቀጠነች፣ የኮርማ ዘር የያዘች ቀሰም በመቆንጠጫ ያወጣና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያቆያታል። ኮርማው ራሱ ከታረደ ዓመታት አልፈው ሊሆን ይችላል፤ ዘሩ ግን ሕያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐዋሳና በዳሌ አካባቢ 175 ላሞችና ጊደሮች በሆርሞን መርፌ በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ ተደርገው በዚህ መንገድ ሲዳቀሉ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ይዘዋል።

አሁን ይህንኑ ዕቃ ይዘን ካንሰር የሚታከሙ ሕፃናት ወደተኙበት ክፍል እንግባ። ኬሞቴራፒ ቶሎ ቶሎ የሚባዛን ሕዋስ ያጠፋል፤ ጥሩውን ከክፉው አይለይም። ልጁ ከደም ካንሰር ይድንና ትዳር ይዞ ልጅ ሲፈልግ መካን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አዋቂ ወንድ ከሕክምናው በፊት ዘሩን ሰጥቶ ማስቀመጥ ይችላል። የስምንት ዓመት ልጅ ግን የሚሰጠው ዘር ገና የለውም፤ ያለው እርሾው ብቻ ነው። በቆለጡ ውስጥ ኋላ ዘር የሚሆኑ ግንደ ሕዋሳት ተኝተዋል። ሐኪሞች ከቆለጡ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ያስቀምጡታል፤ ልጁ ሲያድግ ሊመልሱለት።

ችግሩ በረዶ ነው። ሕዋስ ውስጥ ያለ ውሃ ሲረጋ እንደ መርፌ ይሾልና ይቀዳድደዋል። መላው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ ውስጥ፣ ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ የአውራ ዶሮ ዘር ለማቀዝቀዝ ሲሞክሩ ነው። አንድ ቀን ሙከራው ድንገት ሰመረ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የስኳር ውህድ ነበር፤ ሲመረመር ግን ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ሆነ! የዛሬው የኮርማ ዘር ቀሰም ሁሉ የዚያ የተሳሳተ ጽሑፍ ባለዕዳ ነው።

የቆለጥ ቁራጭ ግን ከዘር ይከብዳል፤ ቀዝቅዞ መትረፉ ብቻ አይበቃም፣ ተመልሶ ሲተከል ደም አግኝቶ መብሰልም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በካይል ኦርዊግ የሚመራው የፒትስበርግ ቡድን ይህን በጦጣ አሳየ። ካልደረሱ ወንድ ጦጣዎች የወሰደውን ቁራጭ አቀዝቅዞ ለየባለቤቶቹ ከቆዳ ሥር መልሶ ተከለ፤ ወራት ቆይቶ ሲከፍተው ዘር ተገኘ። ከዚያም ግሬዲ የተባለች ጤነኛ ጦጣ ተወለደች። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ የብራስልስ ሐኪሞች በልጅነቱ ቁራጩ ተወስዶ ለተቀመጠለት ወጣት የራሱን መልሰው ተከሉለት።

መሰናክሉ ቀላል አይደለም። የተተከለው ቁራጭ ከዘር መውጫው ቱቦ ጋር ስለማይገናኝ ዘሩ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በቤተ ሙከራ ከእንቁላል ጋር መዋሐድ አለበት። በቤተ ሙከራ የማዋሐዱ አገልግሎት በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ነው። በደም ካንሰር ደግሞ የተቀመጠው ቁራጭ ራሱ የበሽታውን ሕዋስ ደብቆ ሊመልስ ይችላል፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራው ነው። እናትም «ልጄ ይዳንልኝ እንጂ ሌላው ይደረስበታል» ብትል ማን ይፈርድባታል? ቁራጩ ይወሰድ ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሞት ደጅ በቆመበት ሳምንት ነው።

የናይትሮጅኑም ነገር አለ፤ ክዳኑ ቢዘጋም ቀስ በቀስ ይተናል። አዳቃዩ ቀጭን ዘንግ እስከ ታች ሰድዶ ያወጣና አየር ላይ ያወዛውዘዋል፤ ነጭ አመዳይ የያዘው እስከ የት እንደሆነ አይቶ የቀረውን ያውቃል። ዕቃው ቢደርቅበት ሌላ ኮርማ፣ ሌላ ቀሰም ይመጣለታል። የልጁን ዕቃ ግን አንድ ሰው ለዐሥራ አምስት ዓመት፣ በዓልም ቢሆን፣ ዘንግ እየሰደደ ማየት አለበት።